እኩለ ቀን ሁለት ጊዜ የሚደወልበት ወንዝ

ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የአውሮፓን ድንበሮች በጠመኔ ስስል ኖሬ፣ አንድም ቀን የገዛ እግሬን ከአገሬ ድንበር አሳልፌ አላውቅም ነበር። ተማሪዎቼ ይህን ቢያውቁ ኖሮ መከራዬን ያሳዩኝ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ግን የእህቴ ልጅ ህሊና፣ ስፔንና ፖርቱጋል በሚዋሰኑበት ወንዝ ዳር ባለ መንደር ነርስ ሆና የምትሠራው፣ “ጋሼ፣ ሲያስተምሩት የኖሩትን ነገር መጥተው ይዩት” ብላ ጠራችኝና ሄጄ ተመለስኩ። ይህን የምጽፈው በተለይ ለእድራችን አባላት ነው። አብዛኞቻችሁ እዚያ እንደማትሄዱ አውቃለሁ። ደግሞም ከተመለስኩ በኋላ በስብሰባው ላይ ያደረግሁትን ለምን እንዳደረግሁት እስከ ዛሬ መንገድ ላይ እያስቆማችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ።

እሑድ፣ ከመነሳቴ በፊት

ለማያውቀን አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እድራችን የተመሠረተው እሪ በከንቱ ሰፈር ነው፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ አባሎቻችን በከተማው ዳር ዳር ተበተኑ። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ አፍንጮ በር እኔ ግቢ ተቆልሎ ቀረ። ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የነጋዴዎቹ እድርም እንደኛው ተበተነ። የዚያ እድር ሊቀመንበር ሐጂ ሸምሱ፣ ፒያሳ ውስጥ የጫማ ሱቅ የነበራቸው ሰው ናቸው። እሳቸው ናቸው “ሁለታችንም ተራ በተራ ከምንፈርስ አንድ እንሁን” የሚል ሐሳብ ያመጡት።

እሑድ በነበረው የጋራ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ የተቃወምኩት እኔ ነኝ። የእነሱ አባላት ሙስሊምም ክርስቲያንም ናቸው፤ እኛ ከጥቂቶች በቀር የጊዮርጊስና የሥላሴ ሰዎች ነን። ስማችን ይጠፋል አልኩ። ድስታችን ይደባለቃል አልኩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰዓት አነሣሁ፤ ሙስሊሞቹ ሬሳ አያሳድሩም፣ እኛ ዘመድ ከክፍለ አገር እስኪመጣ እንጠብቃለን፣ ታዲያ ጥሩምባ ነፊው በየትኛው ሰዓት ነው የሚነፋው አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ሐጂ ሸምሱ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። ጉዳዩ እኔ ከጉዞ ስመለስ ባለው እሑድ እንዲወሰን ተቀጠረ፤ ወይ እንዋሃዳለን፣ ወይ ንብረቱን ተከፋፍለን እንበተናለን።

ከመሄዴ በፊት እትዬ ዘነበችን ልሰናበታቸው ሄድኩ። እትዬ ዘነበች ባልም ልጅም ያልቀረላቸው፣ ከእድራችን አባላት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ ሴት ናቸው። አሁን የሚኖሩት ከተማው ሊያልቅ ሲል ባለ አንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ወጥቼ ትንፋሼን እስክሰበስብ እንኳ አልጠበቁኝም።

“ታዴ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። እኔ ስሞት ማን ያነሣኛል?”

“እድሩ ነዋ፣ እትዬ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?”

“የቱ እድር? አንተ አፍንጮ በር፣ ድንኳኑ አፍንጮ በር። መንገዱ ተዘጋጋ እያልክ እስክትደርስ እኔ እሸታለሁ።”

ሣቅሁ። እሳቸው ግን አልሣቁም። ከእሳቸው በታች ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሐጂ ሸምሱ ናቸው፤ ያ ብሎክ ግማሹ የነጋዴዎቹ እድር ሰው ነው። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን የሚያወጡላቸው እነሱ ናቸው። “ባለፈው ሳምንት ስታመም ሾርባ ይዞ የመጣው ማን ይመስልሃል? አንተ ነህ?” አሉኝ።  ሻዬን ጠጥቼ፣ ጉልበታቸውን ስሜ ወረድኩ። በሦስተኛው ፎቅ ሳልፍ የሐጂ በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሰላም ሳልላቸው አለፍኩ። ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

ማክሰኞ

ተነሣሁ። ቪዛውን ለማግኘት ወራት ወስዶብኝ ስለነበር ፓስፖርቴን በደረት ኪሴ ይዤ በየደቂቃው እዳብሰው ነበር። አውሮፕላኑ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ልቤን የሚያመኝ መስሎት አስተናጋጇን ጠራብኝ።

ረቡዕ

ማድሪድ በጠዋት ገባን። የመጀመሪያ ሥራዬ ሰዓቴን ማስተካከል ሆነ። ይቺ በእጅ የምትሞላ ሰዓት ጡረታ ስወጣ መምህራኑ የሰጡኝ ናት። አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለስኳት፣ ቁጥሩን ግን በእኛው አቆጣጠር ተውኩት። ሰው አገር ሄጄ ፀሐይ ስትወጣ “አንድ ሰዓት” ማለቴን የምተው አይደለሁም።

ከማድሪድ እስከ ሴቪያ በባቡር ነው። ከመለሳለሱ የተነሣ የቆመ ይመስለኝ ነበር፤ በመስኮቱ የወይራው ዛፍ እየሸሸ ባያልፍ ኖሮ። ከሴቪያ ደግሞ በአውቶቡስ ሄድኩ። አውቶቡሱ ግማሽ ባዶ ሆኖ በሰዓቱ ተነሣ። እኛ ዘንድ ረዳቱ “ሁለት ሰው! ሁለት ሰው ብቻ!” እያለ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይቆም ነበር። ህሊና መናኸሪያው ቆማ ጠበቀችኝ፤ አቅፋኝ አለቀሰች፣ እኔም ያው አለቀስኩ።

የመንደሮቹን ስም ብጽፈው አታነቡትም፤ እኔም አሁን ድረስ በወጉ አልጠራውም። ሁለት ነጫጭ መንደሮች ናቸው፣ በጓዲያና ወንዝ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የተቀመጡ። ህሊና የምትኖርበትን የስፔኑን “ወዲህ ማዶ”፣ የፖርቱጋሉን ደግሞ “ወዲያ ማዶ” ብላቸው ይበቃል። ቅርበታቸው ከአንዱ የጮኸ ውሻ ሌላው ጋ ያለውን ውሻ የሚያስጮህ ነው።

ያረፍኩት የህሊና አከራይ በሆኑት በሴኞራ ካርመን ቤት ነው፤ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ እንግዳ ሲያዩ እጃቸው የሚፈታ ሴት ናቸው። ወጥ ቤታቸው ስገባ ከጣሪያው አንድ ሙሉ የደረቀ የአሳማ እግር ከነሰኮናው ተንጠልጥሎ ተቀበለኝ። በስስ በስስ ቆርጠው በሳህን አቀረቡልኝ። ህሊና ረቡዕ ጾም መሆኑን ነገረችልኝ፤ ገባቸው፤ ራሳቸውን በአክብሮት ነቅንቀው ወይራና ዳቦ ሰጡኝ። ሥጋውን ግን በወረቀት ጠቅልለው አስቀመጡት።

ሐሙስ

ለካ ያስቀመጡት ለዛሬ ኖሯል! ገና ፊቴን ሳልታጠብ ሳህኑን ይዘው መጡ። ሐሙስ ነውና ጾም ነው ማለት አይቻልም። ህሊና ጭንቅ እያላት “በእነሱ ሃይማኖት አሳማ አይበላም” አለቻቸው። ሴኞራ ካርመን ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ።

“ክርስቲያን ነው አላልሽኝም? እንደ ሙስሊሞቹ ነው ማለት ነው?”

“በዚህ በኩል እንደ ሙስሊሞቹ ነን” አስባልኩ።

ይህን ስል የሐጂ ሸምሱ ፊት ድቅን አለብኝ። በዚያ ገበታ ላይ እሳቸው አጠገቤ ቢኖሩ ምንኛ ደስ ባለኝ! ሁለታችንም ሳህኑን በትሕትና ገፋ አድርገን እንቁላል እንጠይቅ ነበር። በአሳማ ጉዳይ እኔና እሳቸው ድሮውኑ አንድ እድር ነን። ሴኞራ ካርመንም ሳይቀየሙ እንቁላሉን ጠበሱልኝ።

ከቁርስ በኋላ ህሊና “ምን ማየት ይፈልጋሉ?” አለችኝ። ቤተ መንግሥት ወይም ባሕር የምል መስሏት ነበር። “ድንበር” አልኳት።

ድልድዩ ከመንደሩ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል በመኪና ይወስዳል። መንገድ ላይ የልጅነቴን ኬላ ሳስብ ነበር፤ ገመዱ፣ በርሜሉ፣ “ውረዱ! ምን ይዛችኋል?” የሚለው ዘበኛ። ያው የጓዲያና ወንዝ ሰፍቶ በሚፈስበት፣ በነጭ ገመዶች የተንጠለጠለ ረጅም ድልድይ ጋ ደረስን። ፓስፖርቴን አውጥቼ ፎቶው ያለበትን ገጽ ገለጥኩ።

“ኬላው የት ጋ ነው?”

“ኬላ የለም፣ ጋሼ።”

“የሚፈትሸውስ?”

“ማንም የለም። ያቺን ሰማያዊ ሰሌዳ ያዩዋታል? ኮከቦች በክብ ያሉባት? እሷ ናት ድንበሩ።”

ሰሌዳዋ ሽው ብላ አለፈች። “አለፍን?” አልኳት። “አለፍን።” እስቲ ተመለሽ አልኳት። ተመለስን። እንደገና አልኳት። ልጅቱ እየሣቀች ሦስት ጊዜ ከአገር አገር አመላለሰችኝ፣ አንድም ሰው ወዴት ነው ያለን የለም። ፓስፖርቱ በእጄ እንደተገለጠ ቀረ። ሠላሳ አንድ ዓመት ወፍራም አድርጌ ያሰመርኩት መስመር አንዲት ሰሌዳ ሆኖ ሳገኘው፣ ደስታም ንዴትም ያዘኝ። ንዴቱ ግልጽ ነው፤ እርስ በርሳቸው በሩን ከፍተው፣ እኔን ግን ከውጭ ወራት አስጠብቀውኛል። ደስታው ግን በለጠ።

ህሊና ስታወራኝ ነበር። ሁለቱ አገሮች በአምባገነን ሲገዙ ኖረው፣ ከዚያ ተላቀው፣ የአውሮፓን ማኅበር በአንድ ቀን እንደገቡ ነገረችኝ። ገንዘባቸው አንድ መሆኑንም፣ ድልድዩ ከማኅበሩ በተዋጣ ገንዘብ መሠራቱንም ነገረችኝ። ስለ ሰዓትም አንድ ነገር ብላለች። እኔ ግን አራተኛ ጊዜ እንድትመልሰኝ ልለምናት ወይስ ይበቃኛል እያልኩ ሳስብ አልሰማኋትም።

ዓርብ

አለመስማቴ ዛሬ ዋጋ አስከፈለኝ።

ወዲያ ማዶ የሁለቱ መንደር ሰዎች ስብሰባ ነበራቸው። ህሊና በጠዋት ሥራ ስትገባ “ስብሰባው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ እኔ ከሥራ በቀጥታ እመጣለሁ፣ እርስዎ በጀልባ ይሻገሩ” ብላኝ ነበር። አምስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ጀልባ ላይ ወጣሁ። የምትነዳው ሮሲዮ የምትባል ክንደ ብርቱ ሴት ናት። ወንዙን ማቋረጥ አንድ ማኪያቶ ጠጥቶ የመጨረስ ያህል እንኳ አይፈጅም።

ደረጃውን ወጥቼ አደባባዩ ላይ ስደርስ ክው ብዬ ቆምኩ። አደባባዩ መሐል ነጭ ድንኳን ተተክሏል። ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል። ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ጥቁር የለበሱ አሮጊቶችና አንድ ሽማግሌ ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

እንግዲህ እኔ የእድር ጸሐፊ ነኝ። ድንኳን፣ የተደረደረ ወንበርና ጥቁር ልብስ ሳይ ሌላ ነገር አይታየኝም። ስብሰባው በለቅሶ ምክንያት ቀርቷል አልኩ በልቤ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። አንገቴን ደፍቼ ገባሁ፣ “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” ብዬ እጅ ነሣሁና የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። እጄን አጣምሬ መሬት መሬቱን አየሁ። የማላውቀው ሟች ቢሆንም እትዬ ዘነበች ትዝ ብለውኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ትንሽ ቆይቶ አንዷ አሮጊት ተነሥተው አጠገቤ ተቀመጡ። መሐረብ ሰጡኝ። ሁለተኛዋ ውሃ አመጡልኝ። ሽማግሌው ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። ሐዘንተኞቹ እንግዳ ሲያጽናኑ አይቼ ምን ዓይነት ደግ ሕዝብ ነው እያልኩ የባሰ አለቀስኩ። እንዲህ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። ከዚያ ሰው እየሣቀ እየተንጫጫ መግባት ጀመረ፤ አንዱ ማይክራፎን ይሞክራል፣ ሌላው ብርቱካን ያድላል። በመጨረሻ ህሊና መጣችና አሮጊቷ እጄን ይዘውኝ አገኘችኝ።

“ጋሼ! ምን ሆኑ?”

“ማነው የሞተው?”

“ማንም አልሞተም! ስብሰባው ነው። እዚህ ፖርቱጋል ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው ብዬ ትናንት ነግሬዎት የለም? አንድ ሰዓት ቀድመው ነው የመጡት።”

ለአሮጊቷ ስትነግራቸው፣ እሳቸውም እኔ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው እንደነበር ነገሯት። ሰው ሞቶባቸው ከሩቅ አገር የመጡ ምስኪን ናቸው ብለው ነበር ለካ። ወሬው በአንድ አፍታ ድንኳኑን አዳረሰው። ሰው ሁሉ እየዞረ ሲሥቅብኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሥቀው ሲያበቁ ግን አንድ ብርቱካን የነበረው ጭኔ ላይ ሰባት ብርቱካን ተከመረ።

አሮጊቷ ግራሲንዳ ይባላሉ፤ ሽማግሌው ዡዋኪም ባለቤታቸው ናቸው። የስብሰባውን ነገር ህሊና በጆሮዬ ትተረጉምልኝ ጀመር። ወዲያ ማዶ ሐኪም አለ፣ ወዲህ ማዶ አምቡላንስና የህሊና ጤና ጣቢያ አለ። ወጣቱ ወደ ትልልቅ ከተማ ሄዶ የቀረው ሽማግሌ ብቻ ስለሆነ ለየብቻ መቆም አቅቷቸው፣ በአንድ ሊገለገሉ ተስማምተዋል። ያልተስማሙት በሰዓቱ ነው። በሽተኛው ተሻግሮ ሲመጣ አንድ ሰዓት ይዘገያል ወይ እንደኔ ይቀድማል። አንዱ ተነሥቶ የቀጠሮ ካርድ በአንድ ሰዓት ብቻ ይጻፍ አለ። የማን ሰዓት የሚል ጥያቄ መጣ። እዚህ ላይ ድንኳኑ ተናወጠ። ገንዘባቸውን አንድ ያደረጉ፣ ኬላቸውን ያፈረሱ ሰዎች በሰዓት ተናነቁ! “የአያቶቻችን ሰዓት ነው” የሚል ሰምቻለሁ። ድምፁ የራሴን ድምፅ መሰለኝና አፈርኩ።

ያኔ ግራሲንዳ ከአጠገቤ ሆነው ሳይነሡ እጃቸውን አወጡ።

“አንዱን ለምን ትመርጣላችሁ? ካርዱ ሰፊ ነው። ሁለቱንም ጻፉት።”

 ሰብሳቢው ካርዱን አገላብጦ አየው። “ይቻላል” አለ። ከዚያ በኋላ የቀረው ብርቱካን መብላት ሆነ።

ምሳ እነ ዡዋኪም ቤት በላሁ። ግራሲንዳ ደረቅ ዳቦ ቆራርሰው፣ ነጭ ሽንኩርትና የድንብላል ቅጠል ወቅጠው፣ የወይራ ዘይት አፍስሰው የፈላ ውሃ ቸለሱበት። ፍትፍት ነው! ዓርብ መሆኑን ስነግራቸው ላዩ ላይ የሚደረገውን እንቁላል ተዉልኝ። ህሊና ወደ ሥራ ስትመለስ እኔና ዡዋኪም ያለ አስተርጓሚ ቀረን፤ እኔ ፒያሳ ተወልጄ ሳድግ የለመድኩትን የጣሊያን ቃል ሁሉ አወጣሁ፤ ጎማ፣ ፖስታ፣ ማኪና፣ ባንኮኒ። እሳቸው ግማሹን ሰሙኝ። ስለ መኪና ጎማ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አወራን ብል ማን ያምነኛል?

ቅዳሜ

ዡዋኪም ቅዳሜ ቅዳሜ አበባ ይዘው ወዲህ ማዶ ይሻገራሉ። እኔንና ህሊናን ጠሩን። የሄድነው ወንዙ ዳር ወዳለችው የስፔኖቹ መቃብር ነው። አንድ ነጭ መስቀል ሥር አበባውን አስቀምጠው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነገሩን።

በወጣትነታቸው ቡና ያሻግሩ ነበር። ፖርቱጋል ውስጥ ቡና ሲኖር ስፔን ውስጥ አይገኝም ነበርና ጆንያውን በጎማ ላይ አስረው፣ እየዋኙ፣ ከጠባቂ ተደብቀው። አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ታላቅ ወንድማቸውን ወሰደው።

“ሬሳው በዚህኛው ዳር ወጣ” አሉ። “ከቤታችን መስኮት ይታየናል። ሄደን ልናነሣው ግን አልተፈቀደልንም። እኛ ለእነሱ ድንበር የምንጥስ ሌቦች ነን። የዚህ መንደር ሰዎች፣ ስሙን እንኳ የማያውቁ፣ አጥበው፣ ሳጥን ሠርተው ቀበሩት። እናቴ ማዶ ቆማ አየችው።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያ እናቴ ስንት ዓመት ከማዶ እያየችው ኖረች። ድንበሩ ሲነሣ አርጅታ ነበር። በጀልባ አሻገርኳት። ወረቀትሽን የሚላት ጠፍቶ ግራ ገባት፤ ወደ ኋላዋ እየዞረች ታይ ነበር። እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ የቀበሩትን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞረች እጃቸውን ሳመች።”

ህሊና መተርጎሙ አቃታት።  የሐጂ ሸምሱ ገርበብ ብሎ የነበረው በር፣ ሾርባው፣ ጀሪካኑ፣ የተጨበጨበልኝ ንግግር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ጎረቤቶቻቸው እንዳያነሧቸው በእትዬ ዘነበች ፊት የቆምኩ የድንበር ጠባቂ ሆኜ ነበር።

ስንመለስ ዡዋኪምን የአውሮፓ ማኅበራችሁ ደግ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ዝም ብለው የሚያወድሱ ሰው አይደሉም። “ድንበሩ ሲከፈት ሥራዬን አጣሁ!” ብለው ሣቁ። ቀጥለው ግን አማረሩ። ውሳኔው ሁሉ ከሩቅ ይመጣል አሉ። ችግር በመጣ ጊዜ ሰሜኖቹ እኛን ደቡቦቹን ሰነፎች ብለው ሰድበውናል አሉ። ታዲያ ለምን አትወጡም ስላቸው፣ “ከአማቼ ጋር በየገናው እጣላለሁ። ገናን ግን ለብቻዬ በልቼ አላውቅም” አሉኝ።

እሑድ

ረፋዱን ሴኞራ ካርመን ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። የወዲህ ማዶው ቤተ ክርስቲያን እኩለ ቀንን ደወለ። ሻይ ጠጣሁ፣ ለእትዬ ዘነበች የምወስደውን ሻሽ አጣጠፍኩ፣ ከህሊና ጋር ስለ እናቷ አወራን። ልክ ከአንድ ሰዓት በኋላ የወዲያ ማዶውም እኩለ ቀንን ደወለ። ማንም አልተከራከረም። እኛስ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ላይ ሳለን የመስጊዱን አዛን ስንሰማ አይደል ያደግነው? ማን በማን ሰዓት ተቀይሞ ያውቃል?

ሰኞ

ሴኞራ ካርመን ለመንገድ ስንቅ ቋጠሩልኝ። ከፍቼ አየሁት፤ እንቁላል ነው። ግራሲንዳ ደግሞ በጀልባ ነጂዋ በሮሲዮ እጅ አንድ ነገር ላኩልኝ፤ አዲሱ የቀጠሮ ካርድ ነው፣ የሁለቱም ማዶ ሰዓት የተጻፈበት።

እሑድ፣ ከተመለስኩ በኋላ

ስብሰባው እኔ ግቢ፣ አፍንጮ በር ነበር የተቀጠረው። ቅዳሜ ለሁሉም ደወልኩና ቦታውን ቀየርኩት፤ እትዬ ዘነበች ብሎክ ሥር ይሁን አልኩ። ድንኳኑን በፒክአፕ አስጭኜ ሄድኩ። ገና ካስማውን ስንመታ አላፊ አግዳሚው ፊቱን አከፋ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገብታ ተቀመጠችና “ማን ነው ያረፈው?” አለችኝ። “ማንም አልሞተም፣ እናቴ፤ ስብሰባ ነው” አልኳት። እንደ ግራሲንዳ ብርቱካን ባይኖረኝም ለስላሳ ሰጠኋት።

ሁለቱም እድሮች ተሰበሰቡ። ተነሣሁና ባለፈው የተናገርኩት ስህተት ነበር አልኩ። ከኋላ ከእኛው ወገን አንዱ “መምህር፣ ፈረንጅ አገር ሄደህ ልብህን ጥለህ መጣህ እንዴ?” ብሎ አሣቀብኝ። ስለ ዡዋኪም ወንድም ነገርኳቸው። ካርዱን ከእጅ እጅ አሳለፍኩ። አንድ እድር እንሁን፣ ድስታችን ሁለት ይሁን፣ ስማችን ጎን ለጎን ይጻፍ፣ ሁሉም በእምነቱ ሰዓት ይቀበር፤ ጥሩምባው በሁለቱም ሰዓት ይነፋ አልኩ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ስሙ የቱ ይቅደም በሚለው ላይ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን፤ እንደ ወዲያ ማዶዎቹ ሁሉ። ሁለት የእኛ ሰዎች ተቆጥተው ወጡ፤ አንዱ ቆይቶ ወንበሩን ሊፈልግ ተመለሰ፣ ተቀመጠም። በመጨረሻ እጅ ሲወጣ አብዛኛው እጅ ወጣ።

ሐጂ ሸምሱ ጋ ሄጄ ያን ቀን በበርዎ ሳልፍ ሰላም አላልኩዎትም አልኳቸው። “አይቼሃለሁ” አሉኝ፤ “ደረጃው አድክሞህ መስሎኝ ነበር።” ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

እትዬ ዘነበች ከስፔን ያመጣሁላቸውን ሻሽ አስረው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሻያቸውን እየጠጡ፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ውለው ነበር። ሰው ሊበተን ሲል ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

“ሐጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እናንተ ቶሎ ነው የምትቀብሩት። የእህቴ ልጅ ያለችው ደሴ ነው። ታዲያ እኔን በየትኛው ሰዓት ነው የምትቀብሩኝ?”

ሐጂ ሸምሱ ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

“በእርስዎ ሰዓት፣ እትዬ።”

እትዬ ዘነበች ትንሽ አሰቡ።

“እንግዲያስ አልቸኩልም” አሉና ብርጭቋቸውን ሻይ እንዲጨመርላቸው ዘረጉ።